ውሃ የበላት ኳስ፣ ሳር የበላት ኳስ

«ኳሷ ውሃ ገባች።»

ሦስት ቃል ናት። ባለፈው መስከረም አንድ እሁድ ጠዋት፣ በቦዬ በኩል ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ቆሜ ተናገርኳት። የተቃወመኝ የለም። እኔም ቶሎ ብዬ ሌላ ኳስ ከኪሴ አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ይቺ ሦስት ቃል ከሐሳቤ አልወጣችም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፋት ነው።

ጎልፍና ጅማን ምን አገናኛቸው ለምትሉ መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ለሠርግ ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። ሁለት የጎልፍ ዱላና አንድ ፌስታል ሙሉ ያገለገሉ ኳሶች ይዞ መጣ። ሲመለስ ሻንጣው በቡናና በበርበሬ ሞላ። ዱላዎቹ እኔ ቤት ቀሩ። አንደኛው ሰባት ቁጥር ብረት ነው፤ ኳሷን አንስቶ ያበርራታል። ሌላኛው ኳሷን መሬት ለመሬት እየገፉ ጉድጓድ የሚያስገቡበት ነው።

እኔ ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ነው የምሠራው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጆንያ ስመዝን እውላለሁ። የሥራዬ ነገር ሆኖ ዱላዎቹን ያገኘሁ ዕለት መጀመሪያ ያደረግኩት ኳሷን መመዘን ነው። የእኛ ሚዛን እንዲህ ያለ ነገር አያነብም። ወርቅ ቤት ያለ ወዳጄ ጋ ወሰድኳት። 46 ግራም አልሞላችም። በኋላ ሳነብ የጎልፍ ሕግ ከ45.93 ግራም እንዳትበልጥ ያዛል። ደስ አለኝ። ክብደትን እስከ ነጥብ ድረስ የሚቆጥር ጨዋታ ከእኔ ጋር እንደሚስማማ ያኔውኑ አወቅሁ።

የምንጫወተው ሦስት ነን። እኔ፣ ባጃጅ የሚነዳ የልጅነት ጓደኛዬ፣ እና ጋሼ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ግማሹ የሰፈሩ ሰው ተማሪያቸው ነበር። ሕጉን ከስልካቸው በእንግሊዝኛ እያነበቡ በአማርኛ የሚያስረዱን እሳቸው ናቸው። ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ይላል ሲሉ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማስመሪያ ይዘው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። በመጨረሻ ልኩ የሚቀራረብ የዱቄት ወተት ጣሳ አገኙና ቀበሩት። ሦስት ጉድጓድ አለን። ባንዲራችን ባህር ዛፍ እንጨት ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ ነው።

ከሜዳው ቀኝ ቦይ አለ። ክረምቱን እስከ አፉ ይሞላል። ዳርና ዳሩ ቄጠማ ነው። ጋሼ የቦዩን አፍ ተከትለን እንጨት እንድንተክል አደረጉን። እንጨቶቹን ቀይ ቀለም ቀባናቸው። ላሞች እየታከኩ ይጥሏቸዋል፣ እኛ እሁድ እሁድ እናቆማቸዋለን። ከእንጨቶቹ ወዲህ አራት አምስት ሜትር የሚሆን ረጅም ሳር አለ። እሱ ግን ሜዳ ነው የሚባለው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ አራት አምስት ሜትር ላይ ነው ያለው።

እንጨቶቹን የተከልን ቀን ጋሼ ሣር ላይ አስቀምጠው ሕጉን አስረዱን። በእንጨት የተከለለው የቅጣት ቀጠና ይባላል። ድሮ የውሃ እንቅፋት ነበር የሚባለው። በፈረንጆቹ 2019 ሕጉ ሲታደስ ስሙ ተቀየረ፣ አሁን ውሃ የሌለበትንም ገደል ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጫካ እንዲህ መከለል ይቻላል። ኳስህ እዚያ ከገባች የመጀመሪያው መብትህ ካለችበት መምታት ነው። ጫማህን አውልቀህ ገብተህ ትመታታለህ። ቅጣት የለም። አልሆነልህም? አንድ ምት ይጨመርብህና መንገድ ትመርጣለህ። አንዱ መንገድ ወደ መታህበት ቦታ ተመልሶ እንደገና መምታት ነው። ሌላው ኳሷ የቀጠናውን ጠርዝ ለመጨረሻ ጊዜ ያቋረጠችበትን ነጥብ መያዝ ነው። ያ ነጥብ በአንተና በጉድጓዱ መሃል እንዲውል አድርገህ፣ በቀጥታ መስመር ወደ ኋላ የፈለግከውን ያህል ትሄዳለህ። እንጨቱ ቢጫ ከሆነ በዚህ አለቀ።

ቀይ ከሆነ ግን ሌላም አለህ። ካቋረጠችበት ነጥብ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትቀርብ፣ ኳስ ትጥላለህ። ይህ የተፈቀደበት ምክንያት አለው። ውሃ ፊት ለፊትህ ሲሆን ከኋላው መቆም ትችላለህ። ውሃው እንደ እኛ ቦይ ከሜዳው ጎን ለጎን ሲሄድ ግን ከኋላው ስትሆን ሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ነህ። ስለዚህ በጎን እንድትወጣ ፈቀዱልህ። አጣጣሉም የራሱ ሕግ አለው። ድሮ ክንድን ዘርግቶ ከትከሻ ከፍታ ነበር፣ ከ2019 ወዲህ ከጉልበት ከፍታ ሆኗል።

ጓደኛዬ ሲሰማ ቆየና «ጋሼ፣ ይሄማ ቅጣት አይደለም፣ ምሕረት ነው» አላቸው።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉ። «ይሄ ሁሉ የሚሠራው ኳሷ መግባቷን ስታውቅ ነው። ዓይንህ ሲያይ፣ ወይም ደግሞ ሌላ የት ልትሄድ ትችላለች ብለህ ብትጠይቅ መልስ ስታጣ። ቁጥርም ሰጥተውታል፤ ቢያንስ 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን አለብህ። ካልሆንክ ኳስህ ውሃ አልገባችም፣ ጠፍታለች ማለት ነው።»

ለጠፋች ኳስ ሦስት ደቂቃ ትፈልጋለህ። ድሮ አምስት ነበር። ካላገኘሃት ያለህ አንድ መንገድ ብቻ ነው። አንድ ምት ተጨምሮብህ መጀመሪያ ወደ መታህበት ቦታ ትመለሳለህ። ጎን የለም፣ መስመር የለም።

ያን ቀን ሰምቻለሁ። አዳምጬ ግን አልነበረም።

ወደ መስከረሙ እሁድ ልመለስ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ጅማ መስከረም ጠባ ብላ ዝናቧን አታቆምም። ጭጋጉ መሬት ላይ ተኝቷል። የቦዩ ዳር ሳር ከብት ስለማይደርስበት ከጉልበት ያልፋል። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ነን፣ ከጓደኛዬ ጋር እኩል ለእኩል ነበርን። መታሁ። ዱላው ሲያርፍ እስከ ክርኔ ነዘረኝ። በደንብ እንዳላገኘኋት ወዲያው ገባኝ። ኳሷ ወደ ቀኝ ተጠማዘዘች። ጭጋጉ ውስጥ ለአንድ አፍታ ነጭ ነጥብ ሆና ታየችኝ፣ ከዚያ ጠፋች። ጆሮዬን ሰጠሁ። ኳስ ውሃ ስትመታ ቦጭ ይላል፣ ሩቅ ቢሆንም ይሰማል። ምንም አልሰማሁም።

ጋሼ መነጽራቸው ጤዛ ይዞባቸው በጃኬታቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ጓደኛዬ ስልክ እያወራ ነው። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ወዴት ሄደች?» አሉ ጋሼ።

«ኳሷ ውሃ ገባች።»

እንጨቶቹ ጋ ሄድኩ። «እዚህ ጋ ነው ያቋረጠችው» አልኩ። ሁለት ዱላ ለካሁ። ከጉልበቴ ላይ ኳስ ለቀቅሁ። ሥርዓቱን አንድም አላጎደልኩም። ቀጣዩ ምት ባንዲራው ሥር ወሰደኝ። በአንድ ምት አሸነፍኩ።

የተሸነፈ ቡና ያጠጣል። ከመንገዱ ዳር አንዲት እናት ጀበና የሚጥዱባት ትንሽ ዳስ አለች። ሁለተኛውን ስኒ ይዘን ሳለ ከብት የሚጠብቅ ልጅ እየሮጠ መጣ። ያውቀናል፣ ኳስ ሲያገኝ ያመጣልናል። እጁን ዘረጋና «ኩኖ!» አለ። እነሆ ማለቱ ነው። ኳሷ የእኔ ናት። ኳሶቼ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ሰማያዊ ነጥብ አደርጋለሁ። ነጥቦቹ አሉ። ጭቃ አልነካትም። ጤዛ አርሷት የሳር ፍሬ ተለጥፎባታል።

«የት አገኘሃት?» አሉት ጋሼ በኦሮምኛ። ልጁ በእጁ አሳየ። ከእንጨቶቹ ወዲህ፣ ሳሩ ውስጥ።

ጋሼ ኳሷን ተቀብለው አገላበጧት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧትና እኔን አዩ። «እርግጠኛ ነበርክ?»

«እርግጠኛ ነበርኩ ጋሼ።»

«እንግዲያው ምንም የለም። የመታኸው የተጣለው ኳስ ይጸናል። ሕጉ የሚጠይቅህ ያኔ የምታውቀውን ነው። በኋላ የተገኘውን አይደለም።»

ይህን ሲሉኝ የተሰማኝን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ሕጉ እንዲያ ነው የሚለው። እርግጠኛ ሆነህ ኳስ ከጣልክ፣ የመጀመሪያዋ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሳር ውስጥ ብትገኝ እንኳን ያችን ትተህ በተጣለችው ነው የምትቀጥለው። ያቋረጠችበትን ነጥብም በቅን ልቦና ገምተህ ከሆነ፣ በኋላ ቪዲዮ ስህተትህን ቢያሳይ አትቀጣም። ሕጉ በሰው ቃል ላይ ይህን ያህል ይተማመናል። ጋሼም በቃሌ ተማመኑ። እኔ ግን ጆሮዬን ሰጥቼ ምንም እንዳልሰማሁ አውቃለሁ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን አብርቼ ሕጉን ራሴ ማንበብ ጀመርኩ። ያን ሌሊት ነው አንድ ነገር የገባኝ።

በጎልፍ ውሃ የበላት ኳስ ሳር ከበላት ኳስ ትረክሳለች።

እስቲ አስቡት። ኳሷ ውሃ ገብታለች፣ አትገኝም፣ ለዘላለም ሄዳለች። ዋጋዋ አንድ ምት ነው፣ ጉዞህን ከዚያው አካባቢ ትቀጥላለህ። ሌላኛዋ ሳር ውስጥ አለች። ደረቅ መሬት ላይ፣ ምናልባትም ከእግርህ ሁለት ክንድ ርቃ። ምንም አልሆነችም። ግን የት እንዳለች አታውቅም። የእሷ ዋጋ አንድ ምትና የመጣህበት መንገድ ሁሉ ነው። መጀመሪያ ተቃራኒ መሆን የነበረበት መሰለኝ። የባሰው ጥፋት ውሃው አይደለም እንዴ? ደጋግሜ ሳስበው ግን ሕጉ የሚያስከፍለው ለኳሷ አይደለም። የሚያስከፍለው ለአለማወቅ ነው። የት እንደገባች ካወቅክ የምትነሣበት ነጥብ አለህ። ካላወቅክ በእርግጠኝነት የምታውቀው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የመታህበት። ወደዚያ ትመለሳለህ።

ይህ ልዩነት ትናንት የመጣ አይደለም። እስካሁን ከተገኙት የጎልፍ ሕጎች የመጀመሪያው በ1744 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤድንብራ አጠገብ ሊዝ በሚባል ቦታ የተጻፈው ነው። ሕጎቹ 13 ብቻ ናቸው። አንደኛው ኳስህ ውሃ ወይም ረግረግ ውስጥ ከገባች አውጥተህ ከኋላው አስቀምጠህ ምታ፣ ለተጋጣሚህ አንድ ምት ስጠው ይላል። ሌላኛው ደግሞ ኳስህ ከጠፋችብህ ወደ መጨረሻ የመታህበት ቦታ ተመለስ፣ ሌላ ጣል፣ አንድ ምት ስጥ ይላል። ያኔም ሁለቱን ለይተዋል። አንዱ ወደ ውሃው ዳር ይወስድሃል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይመልስሃል። ቀዩ እንጨት፣ ቢጫው፣ የጉልበቱ ከፍታ፣ ሦስቱ ደቂቃ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው። አጥንቱ ግን ያው ነው።

ለነገሩ እኛም ይህን በልጅነታችን እናውቀው ነበር። ያደግኩት አዌቱ ዳር ነው። አዌቱ የጅማን ከተማ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ኳሳችን ካልሲ ውስጥ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ነበር። ሜዳችን ወደ ወንዙ ያዘነብላል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ወንዝ ይገባል። ሕጋችን አንድ ነው፤ ያወጣ ያምጣ። ኳሱ ወንዝ ሲገባ ሁላችንም እናያለን። ማን እንደመታው ይታወቃል። ያ ልጅ ዳር ዳሩን ወደ ድልድዩ ይሮጣል፣ እኛም እንከተለዋለን። ጨርቁ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ግማሽ ጎኑ ይሰምጣል፣ ቀስ እያለ ይመጣል። ድልድዩ ሥር በእንጨት እንጠብቀዋለን። አንዳንዴ እናወጣዋለን፣ አንዳንዴ ያልፈናል። ቢያልፈንም ውሃ በላው እንላለን፣ አለቀ። ወደ ቤት ሄደን ሌላ ካልሲ እንፈልጋለን። በዚህ የተጣላንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የተጣላነው ኳሱ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲጠፋ ነው። «አንተ ነህ ያየኸው።» «አላየሁም።» «ደብቀኸው ነው፣ ማታ ልትወስደው ነው።» አንድ ጊዜ ከዚሁ ባጃጅ ነጂ ጓደኛዬ ጋር በዚህ ምክንያት አንድ ክረምት ሙሉ ተኳርፈን ነበር። ኳሱ መስከረም ላይ ሳሩ ሲታጨድ ተገኘ። በስብሶ ነበር።

ጎልፍ የሚከታተሉ ሰዎች ዣን ቫን ደ ቬልዴን ያስታውሱታል። ፈረንሳዊ ነው። በ1999 ስኮትላንድ ካርኑስቲ ላይ በተደረገው ኦፕን ሻምፒዮና የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ በሦስት ምት ይመራ ነበር። ስድስት ምት ቢፈጅበት እንኳን ዋንጫው የእሱ ነው። ሦስተኛ ምቱ ከጉድጓዱ ፊት ያለው ባሪ የሚባል ጅረት ውስጥ ገባ። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ። ጅረቱ ውስጥ ወርዶ ዱላውን ይዞ ቆመ። ኳሷን ከውሃው ውስጥ ሊመታት ነው። ሕጉ ይፈቅድለታል። ቆሞ ያያታል፣ ታዳሚው ይጮኻል። በመጨረሻ ተወው። አንድ ምት ተቀበለና ኳስ ጣለ። ቀጣዩ ምት አሸዋ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ አወጣ፣ በሰባት ጨረሰ። ከሁለት ተጫዋቾች ጋር እኩል ሆነና በተጨማሪው ጨዋታ ከሁለቱ አንዱ፣ ፖል ሎሪ፣ አሸነፈ።

ብዙ ሰው በዚህ ሰውዬ ያዝናል፣ የሚያላግጥበትም አለ። እኔ አሁን ሳየው ሌላ ነገር ይታየኛል። ኳሷ የት እንዳለች እሱም ያውቃል፣ ዓለምም ያያል። የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ባዶ እግሩን ውሃ ውስጥ ቆሞ ስሌቱን ሠራ፣ የከፈለውንም ከፈለ። የእኔ ጭጋግ ቢኖረው ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ምንም ባይጠቅመውም።

የአሜሪካዊው ተጫዋች የታይገር ዉድስ ታሪክ ደግሞ ይለያል። በ2013 ማስተርስ በሚባለው ትልቅ ውድድር ሁለተኛው ቀን፣ 15ኛው ጉድጓድ ላይ የመታት ኳስ የባንዲራውን ዘንግ መታችና ወደ ኋላ ተመልሳ ውሃ ገባች። ግሩም ምት ነበር፣ ዕድል ነው የከዳው። ወደ መታበት ቦታ ለመመለስ መረጠ። ይህን መንገድ ስትመርጥ ያኔ የነበረው ሕግ በተቻለ መጠን እዚያው ቦታ ጣል ይል ነበር። እሱ ሁለት ያርድ ያህል ወደ ኋላ ብሎ ጣለ። ከጨዋታው በኋላ ለጋዜጠኞች ይህንኑ ራሱ ተናገረ፣ ሕግ የጣሰ አልመሰለውም ነበር። በማግስቱ ሁለት ምት ተጨመረበት። ነገሩን ያስወሰነው የራሱ ንግግር ነው። ያ ቃለ ምልልስ እኔን አስቀናኝ። ሰውዬው ያደረገውን እንዳደረገው ነው ያወራው።

እውነቱን ልናገር። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ኳሷ ብቻ አልነበረችም። መጋዘኑ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ጭነት ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ተረከብኩ። መዝኜ አስገባሁ። ሲወጣ መዘንኩት፣ 17 ኪሎ ጎደለ። አንድ ፈረሱላ ሙሉ። ቡና መቀነሱ ያለ ነገር ነው። እርጥበቱ ሲወጣ ክብደቱ ይወርዳል። ለዚህ ጉድለት መዝገቡ ላይ ቦታ አለው፤ «በድርቀት የቀነሰ» ይባላል። የታወቀ ምክንያት ስለሆነ የሚጠይቅ የለም። ምክንያቱ ያልታወቀ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ቆጠራ ይጠራል፣ ጆንያው አንድ በአንድ ይወርዳል፣ ሰው ይጠየቃል። እኔ እስክሪብቶዬን አንሥቼ «በድርቀት» ብዬ ጻፍኩ። በሐምሌ! ሐምሌ ጅማ ላይ ቡና ይደርቃል? ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ? በክረምት መጋዘን ውስጥ ያለ ቡና እርጥበት ይስባል እንጂ አያወጣም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እንጀራዬ ነው። ግን ያ ቃል ረካሽ ነበር። ያኔም ውሃ ገባች ብያለሁ ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬ ጋ ገባሁ። መዝገቡን ገልጬ መስመሯን አሳየኋት። ብዙ አልተናገረችም። «ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» ብቻ አለችኝ። «ያን ቀን ብትነግረኝ የጫነውን መኪና መንገድ ላይ አስቁሜ አስመዝን ነበር። አሁን ምን ልፈልግ?» እውነቷን ነው። መፈለጊያ ጊዜው አልፏል። መስመሩ ተሰርዞ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ተብሎ ታረመ፣ እኔ ፈረምኩበት። ከደሞዜ በሁለት ወር ተቆረጠ። ባለቤቴ ስትሰማ ዝም አለች። ከዚያ «ይሻላል» አለችኝ። ሌላ አልተነጋገርንበትም።

እሁድ ሜዳው ላይ ስንገናኝ ዱላዬን ሳላወጣ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ያን ዕለት አላየኋትም ነበር። ድምፅም አልሰማሁም። ውሃ ገባች ያልኩት ወደ ኋላ መመለሱን ስለጠላሁት ነው።»

ጋሼ የውጤት ደብተራቸውን ከጃኬታቸው አወጡ። የመስከረሙን ገጽ ፈለጉ። «ሕጉን ልንገርህ» አሉኝ። «ካልተፈቀደ ቦታ ነው የመታኸው። ከዚያ ሁሉ ርቀት ላይ ሲሆን ደግሞ ከባድ ጥሰት ይባላል። ውጤትህን ከማስረከብህ በፊት ተመልሰህ ካላረምከው ከውድድሩ ትሰረዛለህ።» ከዚያ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። የራሴን መስመር በራሴ እጅ ሰረዝኩት። ጓደኛዬ ደብተሩን አጎንብሶ አየና «እንግዲያው የቡናዬን ትመልሳለህ» አለኝ። መለስኩለት። የጋሼንም።

ኅዳር ላይ ሳሩ መድረቅ ጀመረ። አንድ እሁድ ያንኑ የመጨረሻ ጉድጓድ ስጫወት ኳሴ እንደገና ወደ ቀኝ ሄደች። ጭጋግ አልነበረም፣ ፀሐይ ግን ዓይኔ ላይ ነበረች። ሳሩ ጋ ስትደርስ አጣኋት። ድምፅ አልሰማሁም።

«ወዴት ሄደች?» አሉ ጋሼ።

«አላየሁም» አልኩ።

ሳሩ ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ ስልኩ ላይ ሰዓት አስነሣ። ሦስት ደቂቃ። ሦስታችንም ገባን። ከብት ጠባቂውም ልጅ ዱላውን ትቶ መጣ። ሳሩን በእግራችን እየከፈልን ሄድን። የሦስት ደቂቃ ርዝመት የሚታወቀው እንዲህ ሲፈልጉ ነው። ስልኩ ጮኸ። አላገኘናትም።

ዱላዬን ይዤ ወደ ኋላ ተመለስኩ። መቶ ሃያ ሜትር ይሆናል። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ከኋላዬ «ኩኖ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ልጁ ሳሩ መሃል ቆሞ ኳሷን ከፍ አድርጎ ይዟታል። ጋሼ ወደ ሰዓቱ ጠቁመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያንተ ትሁን!» አልኩት ልጁን። መሄዴን ቀጠልኩ። የመታሁበት ቦታ ሣሩ ተቦጭቆ አፈሩ ይታያል። እዚያው አጠገቡ ከጉልበቴ ላይ ሌላ ኳስ ለቀቅሁ። ሁለቱ ርቀው ቆመው ይጠብቁኛል። ጋሼ እጃቸውን አነሡልኝ። መታሁ።